ቁርጥማት ለያዘው እጅ ብስክሌቱን ማስተካከል

በየሰፈራችን ኦፋናይም የሚነዱ አባቶች አሉ። ወደ ሹቅ፣ ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ አትክልት ቦታቸው ማንንም ሳያስቸግሩ ደርሰው ይመለሳሉ። ጣታቸውን ቁርጥማት (ሐኪሞች አርትራይትስ የሚሉት) ሲይዘው ግን ልጆች ይፈሩና ብስክሌቱ ማሕሳን ይገባል። ከዚያ በኋላ ለትንሹም ነገር የልጅ መኪና መጠበቅ ይመጣል። እኛ ልጆች እዚህ ላይ የምንቸኩል ይመስለኛል፤ ብስክሌቱን ለእጅ እንዲመች ማስተካከል ይቻላልና።

ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ይታይ። እጅ ጨብጦ ማቆም ካልቻለ ሌላው ማስተካከያ ሁሉ ዋጋ የለውም። የጣት ድርቀት የሚብሰው ጠዋት ስለሆነ መሞከር ያለበትም ጠዋት ነው። ሳይወጡበት፣ በእግር ቆመው ፍሬኑን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉት። ጎማው ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም አሥር ጊዜ ደጋግመው ሲጨብጡ እጅዎ ከዛለ፣ መንገድ አይውጡ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው ነው። የዛገ የፍሬን ሽቦ ጉልበት ይበላል፤ ሽቦውን ከነሽፋኑ ማስቀየር ደግሞ ቀላል ሥራ ነው። ቀጥሎ በፍሬን መያዣው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ያሳዩ። አብዛኛው ፍሬን ላይ አለች፤ እሷን በማዞር መያዣው ወደ ጣት እንዲቀርብ ይደረጋል። መያዣው ረጅም ቢሆን ይመረጣል፤ ጫፉ ላይ ሲስቡት ይቀላል። ይህ ሁሉ ካልበቃ በዘይት የሚሠራው የሂድራውሊ ፍሬን አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን በትንሽ ጉልበት ያቆማል። አንድ እጅ ብቻ ደህና ለሆነለት ሰው ሁለቱን ፍሬኖች ባንድ መያዣ የሚስብ ዓይነትም ይገኛል።

ፔዳሉን ወደኋላ በመርገጥ የሚያቆመው፣ እዚህ ኮንትራ የሚባለው ፍሬን ደግሞ እጅን ያሳርፋል። ሆኖም ሰንሰለቱ ከወለቀ አይዝም፤ የእጅ ፍሬን አብሮት ይኑር።

እጀታውን በተመለከተ፣ ቀጭን ብረት ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ መገጣጠሚያን ያሳምማል። መዳፍ የሚያርፍበት ሰፋ ያለ የጎማ እጀታ አለ። በጣም ከወፈረ ግን ጣት ከፍሬኑ ይርቃል፤ እዚያው ሱቅ ሞክሮ መግዛት ነው። ኪዶኑ ከፍ ብሎ ወደ ነጂው ቢቀርብ፣ የኮርቻው አፍንጫም ወደታች ባያዘነብል፣ የሰውነት ክብደት ከእጅ ላይ ይነሳል። ሰፊ ጎማም የመንገዱን ንዝረት ይቀንሳል።

ማርሽ በአውራ ጣት መግፋት የሚያምዎት ከሆነ ለሜዳ መንገድ ባንድ ማርሽ መንዳት ይበቃል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዳገቱን ያቀላል እንጂ ከባድና ፈጣን ስለሆነ ፍሬኑ የባሰ ጠንካራ እጅ ይጠይቃል። ሻጮች ይህን ሁልጊዜ አይነግሩም።

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ከቤተሰብ ሐኪምዎ ወደ ሪፑይ በኢሱክ ወረቀት ይጠይቁ። እዚያ የእጅዎን ጉልበት ይለኩልዎታል። ለየት ያለ ነገር መሥራት ካስፈለገ ሚልባት የተባለው ማኅበር አለ፤ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎቹ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን በልክ የተሠሩ መሣሪያዎችን ያዘጋጃሉ። ሲደውሉ የትኛው ጣት እንደሚያምዎትና መቼ እንደሚብስ ጽፈው ይያዙ።