ከሕፃኑ ጋር የሚወለደው ጠብ

ልጅ በተወለደበት ቤት ደስታ መሆኑ የታወቀ ነው። እልል ይባላል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጐረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ነገር ግን ከሕፃኑ ጋር ወደ ቤት የሚገባ ሌላ እንግዳም አለ፤ እርሱም ጠብ ነው። ስለዚህኛው እንግዳ ሰው በአደባባይ አይናገርም። ደፍሮ የሚናገር ቢኖር ማታ ማታ በቴሌቪዥን የምናየው ተከታታይ ድራማ ነው። ስለዚህ ድራማው ስለ ጠቡ ከሚነግረን ውስጥ እውነቱ የቱ፣ የጐደለውስ የቱ እንደ ሆነ በአቅሜ ላስረዳ አስቤአለሁ።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያዩት የነበረው መሣሪያ ዛሬ በመካነ ሰላም ከተማ በየሰፈሩ ይገኛል። «ገመና»፣ «ሰው ለሰው» እና «ቤቶች» የተባሉት ድራማዎች በሚታዩበት ጊዜ ሰው ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ይሰበሰብ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያወሳሉ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የቱርክ ቤተ ሰቦች ጭቅጭቅ ሳይቀር በአማርኛ እየተነገረ ቤታችን ገብቷል።

በተከታታይ ድራማ ውስጥ ሕፃን ሲወለድ ብዙ ጊዜ ከሦስት ጥያቄዎች አንዱ ይነሣል። የሕፃኑ እውነተኛ አባት ማን ነው? ሀብቱን ማን ይወርሳል? አማቲቱስ በምራቷ ላይ ምን ትሸርባለች? በሦስቱም ውስጥ አንድ ክፉ ሰው አለ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የድራማ ደራሲ ተመልካቹ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲመለስለት ይፈልጋልና የዕለቱን ክፍል ባልተገለጠ ምሥጢር ላይ ያቆመዋል። ምሥጢር ደግሞ የሚደብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ግን ፊት የላቸውም፤ ተዋናይም አይቀጠርላቸውም። ስለዚህ ከድራማው ይቀራሉ።

ይህን የተረዳሁት ከጥፋቴ ነው። ባለፈው ዓመት ታላቅ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገራችን ልማድ ወደ እናታችን ቤት መጣች፤ ሴት ልጅም ተገላገለች። ጥቂት እንደ ቆየ እናቴና የባሏ እናት ክርስትናው በየትኛው ደብር ይሁን በሚለው ተቃቃሩ። ባሏ በገበያ ቀን ብቻ ይመጣና በር አጠገብ ተቀምጦ፣ ጥቂት ቃል ተናግሮ ይሄዳል። እኅቴም ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። እኔ ድራማ ያስተማረኝ ነኝና ክፉውን ሰው ፈለግሁ፤ አገኘሁትም። አንድ ቀን በሰው ፊት አንቱታዬን ትቼ «አንተ እኮ እኅቴ ብትሞትም ግድ የለህም!» አልሁት። ተነሥቶ ወጣ። ጋቢውን እንኳ አልያዘም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀረ፤ የእኅቴም ልቅሶ በረታ።

በስድስተኛው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ሕፃኗ ክትባት ልትነግረን መጣች። እኅቴን «ስንት ሰዓት ትተኚያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ያን እስከዚያ ቀን ድረስ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያም ነገሩን አስረዳችን። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ሌሊቱም ከዚህ ቍጥር ድርሻ አለው። በእናቲቱም ሰውነት ውስጥ በእርግዝና ጊዜ በዝተው የነበሩት ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ በፍጥነት ይወርዳሉ። በዚህ የተነሣ ብዙ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳቸዋል፤ ያለ ምክንያትም ያለቅሳሉ። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ አልፎ ከቈየ ግን ድባቴ የሚባል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከወለዱት እናቶች 13 ከመቶ ያህሉ፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ደግሞ 20 ከመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ሕመም፣ ይልቁንም ድባቴ ያገኛቸዋል። ይኸውም ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በሆርሞን ስም ባያውቁትም በሥራ ያውቁት ነበር። አራስ ውኃ አትቀዳም፤ እንጀራ አትጋግርም፤ ብቻዋን አትተውም። ክርስቲያኑ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ክርስትና ድረስ ይቈጥራል፤ በወሎ ከእኛ ጋር ተዋልዶ የሚኖረው እስላሙም 40 ቀን ይጠብቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በአራስ ቤት ይታያል።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ልማድ ሁለት ጐዶሎ አለው። አንደኛው፣ ርዳታው በአንድ ቀን ማለቁ ነው። የክርስትናው ድግስ ሲያበቃ ጠያቂው ይበተናል፤ ሕፃኑ ግን ሌሊት መንቃቱን አይተውም። ሁለተኛው፣ አባት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። አራስ ቤት የሴቶች ነው ተብሎ እርሱ ከደጅ ይቀራል። ሕጉም ቢሆን ለአባት ብዙ ቀን አልሰጠም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲፈቅድ፣ ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ነው። ገበሬውማ ፈቃድ የሚጠይቀው አሠሪም የለው።

ድራማ ይህን ማሳየት አይችልም ማለት አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የቤተ ሰብ ምጣኔንና የኤች አይ ቪን ነገር በቤተ ሰብ ታሪክ አድርጎ አስተምሯል። በእንግሊዝ አገርም «ኢስትኤንደርስ» በተባለው የቢቢሲ ድራማ፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም.፣ ስቴሲ የምትባለው ገጸ ባሕርይ ልጅ ከወለደች በኋላ አእምሮዋ ሲታወክ ታይቷል። ይህ ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚያገኝ ከባድ ሕመም ነው። በዚያ ታሪክ የሕፃኑ አባት ማን ነው የሚለው የተለመደ ምሥጢር ባይጠፋም፣ ተመልካቹን ያስጨነቀው ግን የእናቲቱ ሕመም ነበር።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። እናቴ ጋቢውን አሸክማ ወደ እኅቴ ባል ላከችኝ። ይቅርታ ስጠይቀው «አልተቀየምሁህም። ስመጣ ቤቱ ሴቶች ሞልተውበታል፤ ልጄን አንድ ቀን እንኳ ያሳቀፈኝ የለም» አለኝ። በማግሥቱ መጣ። እናቴም ሕፃኗን በክንዱ ላይ አኖረችለት። መጀመሪያ እንደ ሸክላ ፈርቶ ያዛት። በዚያ ሌሊት ከጠባች በኋላ እርሱ እያዘለ ሲያባብላት እኅቴ እስኪነጋ ተኛች። የክርስትናው ክርክር ግን ወዲያው አልበረደም፤ ክርስትናዋም በአባቷ ደብር ሲሆን እናቴ ፊቷን እንዳጠቈረች ድግሱን በላች።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ ማታ ድራማውን ስታዩ ክፉው ማን ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት በዚያ ቤት የሚተኛው ማን፣ የማይተኛው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ወላጆቻችንም አራስ ስትጠይቁ፣ ገንፎው ከቀረበ በኋላ፣ በር አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ወደ ውስጥ ጥሩልን።