ገልብጣችሁ እዩት

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር፤ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ። ሙያውን ባልወርስም ጨርቅ ሳይ ገልብጬ የማየት አመሉ አልለቀቀኝም።

ከዓመታት በፊት ለስብሰባ አዲስ አበባ ከመጣ የቡርኪና ፋሶ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔ ልብሱ ላይ ቀረ። በየስንዝሩ ከላይ እስከ ታች ስፌት ወርዶበታል። «ምስኪን! ቁርጥራጭ ገጣጥመው ሸጠውለታል» አልኩ በልቤ። አፈጣጠጤ ገብቶት ኖሮ ሳቅ ብሎ ጠርዙን ገለበጠልኝ። ውስጡም እንደ ላዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ የተንጠለጠለ ክር የለም።

ለካ የዚያ አገር ባህላዊ ሸማኔ የሚሠራው ጨርቅ ወርዱ እንደ መቀነት ጠባብ፣ ርዝመቱ ግን ብዙ ክንድ ነው። ድሩን ከፊቱ ሜዳ ላይ አርቆ ይዘረጋና ጫፉን ድንጋይ በተጫነበት ሸርተቴ ላይ ያስረዋል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ ማጉን ይወረውራል፣ ይመታል። እየሸመነ ሲጠቀልል ድንጋዩ አፈር እየታከከ ወደ እሱ ይሳባል፤ ድሩን ወጥሮ የሚይዘው ክብደቱ ነው። ያለቀው ጥብጣብ ተቆራርጦ ጎን ለጎን ሲሰፋ ልብስ ይሆናል። አባቴ ቢያይ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ቀጥሎ ድንጋዩን ይመረምር ነበር።

ልብሱ ፋሶ ዳን ፋኒ ይባላል፤ በጁላ ቋንቋ የአገር ሽምን ጨርቅ ማለት ነው። እዚያም እንደኛው ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘው በቶማስ ሳንካራ ዘመን ግን ሴቶች በማኅበር እየተደራጁ በብዛት ወደ ሽመናው ገቡ። የመንግሥት ሠራተኛም ይህንኑ እንዲለብስ ታዘዘ። ትእዛዝ መቼም በፍቅር አይለበስም፤ አንዳንዱ ቢሮው ሰቅሎ ያስቀምጥና መሪው በድንገት ሲመጣ ብቻ ይደርበው ነበር። ለዚህ ጥድፊያ ልብስ «ሳንካራ መጣ» የሚል ስም ወጣለት።

ሐምሌ 22 ቀን 1979 ዓ.ም. ሳንካራ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ላይ ይህንኑ ለብሶ ቆመ። ጥጡን ያበቀለው የአገሩ ገበሬ፣ ጨርቁን የሠራው የአገሩ ሸማኔ እንደሆነ፣ አንድም ክር ከአውሮፓም ከአሜሪካም እንዳልመጣ ተናገረ። ጥቅምት 4 ቀን 1980 ዓ.ም. ተገደለ። ልብሱ ግን አልተቀበረም፤ ዛሬ ሰው ወዶ ነው የሚለብሰው።

ችግሩ የዚያኛውንም የእኛንም ጥለት ፋብሪካ እያተመ በርካሽ መቸብቸቡ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት። የታተመ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ጀርባው ይደበዝዛል።