በሐይቅና በአምባሰል መንገድ ስለ ጭነት ማሰሪያ አመራረጥና አቀማመጥ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከሐይቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በአምባሰል ወረዳ ውጫሌን አልፎ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ሲኖራት ሐይቅ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ክፍት ካሶኒ ያለው የጭነት መኪና ይህን መንገድ ሲወርድ ነጂው ደጋግሞ ፍሬን መያዙ አይቀርም። በገበያ ቀን ደግሞ የመንገዱ ዳርቻ በሰውና በከብት ይሞላል። ከካሶኒው ላይ አንድ ግንድ ወይም አንድ እስር ቆርቆሮ ቢወድቅ የሚጎዳው ይህ መንገደኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማሰሪያ በምን ስሌት እንደሚመረጥ፣ ጉልበቱን ይዞ እንዲቆይም እንዴት እንደሚቀመጥ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ጭነት ማሰር ለአገሩ ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም። አህያ የሚጭን ገበሬ ሸክሙን በግራና በቀኝ ያመዛዝናል፤ በመጫኛ ጠፍሮ ያስራል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላም ቆሞ እንደ ገና ያጠብቃል። ሸክም በእንቅስቃሴ ይረጋልና፤ ሲረጋም መጫኛው ይላላል። ይህ ሕግ በመኪናም ላይ ያው ነው፤ የሚለየው የኃይሉ መጠን ነው።

መኪና በድንገት ሲቆም ጭነቱ ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደንብ የወደ ፊቱን ግፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ የጎኑንና የወደ ኋላውን 50 በመቶ አድርጎ ያሰላል። እንግዲህ 60 ኩንታል የጫነ መኪና ቢኖር ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል 48 ኩንታል ያህል ይሆናል። በካሶኒው ወለልና በጭነቱ መካከል ያለው ሰበቃ የክብደቱን 40 በመቶ፣ ማለትም 24 ኩንታሉን፣ ይይዛል ብንል ቀሪውን 24 ኩንታል ሌላ ነገር መያዝ አለበት።

5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የጭነት ቀበቶ ላይ ብዙ ጊዜ 2,500 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚችል ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር ግን ቀበቶው ቀጥ ብሎ ሲሳብ የሚችለው ነው። በጭነቱ አናት ተሻግሮ ሲታሰር ጭነቱን ወደ ታች የሚጫነው በእጅ ማጥበቂያው የተገኘው ውጥረት ብቻ ነው። ውጥረቱ 300 ኪሎ ግራም ቢሆን ሁለቱ ወገኖች ቢበዛ 600 ኪሎ ግራም ይጫናሉ፤ ከዚህ የሚገኘው ሰበቃ 240 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ 24 ኩንታሉን ለመያዝ 10 ቀበቶ ያስፈልጋል። ቀበቶው ከወለሉ ጋራ የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ጉልበቱ በግማሽ ስለሚቀንስ 20 ይሆናል። ከዚህ እንደምንረዳው ዋናው መያዣ ጠንካራ የፊት ግድግዳ ነው፤ ጭነቱ ክፍተት ሳይተው ከእርሱ ጋራ ከተጠጋ የቀበቶው ሥራ እጅግ ይቀላል።

የማሰሪያው ዓይነት እንደ ጭነቱ ይለያል። ለእህል ጆንያ ሸራና ገመድ ይስማማል። ለሣጥንና ለቆርቆሮ ቀበቶ ይሻላል፤ ነገር ግን ስለት ባለው ጠርዝ ላይ ወፍራም ጎማ ካልተደረገለት ይቆረጣል። ለማሽን፣ ለብረትና ለግንድ የማይለጠጠው ሰንሰለት ይመረጣል። ለብስክሌትና ለጋሪ የሚያገለግለው የከመነዳሪ ቁራጭ ግን ስለሚለጠጥ ለከባድ ጭነት አይሆንም።

በማሰሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ሆኖ የሚቆየው አቀማመጡ ሲያምር ነው። በአውሮፓ ደንብ የፖሊስተር ቀበቶ ሰማያዊ፣ የናይለን ደግሞ አረንጓዴ ምልክት አለው። ፖሊስተርን እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ይጎዱታል፤ ናይለንን የባትሪ አሲድ ይበላዋል። ሁለቱንም የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ያደክማቸዋል፤ የቃጫ ገመድም በእርጥበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ሲሚንቶ ያሰረ ቀበቶ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በጥላ ከደረቀ በኋላ ተጠቅልሎ፣ ከባትሪ ርቆ፣ መዝጊያው በጠበቀ የዕቃ ሣጥን ይቀመጥ። ሰንሰለት በዘይት ወልወል ተደርጎ በሌላ ክፍል ይሁን፤ ከቀበቶ ጋራ ቢቀመጥ ይፍቀዋል። የተቋጠረ ገመድ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ስለሚችል የተበጠሰውን ቀጥሎ ማሰር አይገባም። ከስፋቱ 1/10 በላይ የተቆረጠ ወይም ጽሑፉ የማይነበብ ቀበቶም ከሥራ ይውጣ።

ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚሠራው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ግን አዲስ ቀበቶ የመግዛት ሥልጣን የለውም፤ የተሰጠውን ያስራል። ስለዚህ ማሰሪያ መርጦ መግዛት፣ የሚቀመጥበትንም ሣጥን ማዘጋጀት የባለ መኪናው ግዴታ ነው። የአሜሪካ ደንብ ጭነት በመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲፈተሽ ያዛል። ከደሴ ለሚነሣ መኪና ሐይቅ ለዚህ የተመቸች ናት፤ የአምባሰልን መንገድ ከመያዙ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆሞ የላላውን ያጥብቅ።