የሲንጀር ጥቁር ገላና የእስክሪብቶ ቀለም

የልብስ ስፌት መኪና ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አይዛክ ሲንገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ግዙፉ የሲንገር ፋብሪካ በ1980 ተዘጋ። እኛ ሲንጀር የምንላቸው መኪኖቹ ግን ዛሬም በየሰፈሩ በረንዳ ላይ በእግር እየተረገጡ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። እንዲህ ያለ ባለውለታ በእስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ሳይ ያናድደኛል። ወረቀት የጠፋበት ልብስ ሰፊ የወገብ ልክና የደንበኛ ስልክ ቁጥር መኪናው ላይ ይጽፋል፤ ልጆችም የቤት ሥራቸውን እዚያው ይሠራሉ።

ከቀለሙ የባሰው ግን ማስለቀቂያው ነው። ብዙ ሰው ያንን የሚያብለጨልጭ ጥቁር ገላ አንድ ወጥ ቀለም ይመስለዋል። አይደለም፤ ተደራራቢ ነው። ከሥር ያለው ጥቁሩ አስፋልትና የተልባ ዘይት ተዋህደው ብረቱ ላይ ከተቀቡ በኋላ በምድጃ የተጋገረ ነው፤ ብርቱ ነው። በእሱ ላይ የወርቅ ጌጡ ተለጥፏል፦ ስሙ፣ ሐረጉ፣ በአንዳንዱም ላይ የግብጹ ስፊንክስ። ጌጡን የሚጠብቀው ደግሞ ከላይ የተቀባው ስስ ሽፋን፣ ሼላክ ነው። ሼላክ በሕንድና በአካባቢው ዛፎች ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው፤ ለእንጨት ዕቃ ማስዋቢያ ሲሆን በአልኮል አሟሙተው ይቀቡታል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአልኮል ተሟሙቶ የተቀባ፣ ዓመታት ቢያልፉትም በአልኮል ይነሳል። የእስክሪብቶ ቀለምን የሚያስለቅቀውም ያው አልኮል ነው። ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ከኮቪድ ወዲህ በየቤቱ የተቀመጠው ሳኒታይዘር ደግሞ አብዛኛው አልኮል ነው። አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ስሟ በግማሽ የተበላ ሲንጀር አይቻለሁ። ባለቤቱን ብጠይቀው «ቀለም ነክቷት ነበር፤ በሳኒታይዘር አጸዳኋት» አለኝ። ቀለሙ በእርግጥ የለም፤ ወርቁም የለም። እባካችሁ፣ የአያት ቅርስ እንደ በር እጀታ አይጸዳም! አሴቶንና የመስታወት ማጽጃም አይጠጓት። ሳሙና የበዛበት ውኃም ቢሆን ሽፋኑ በተሰነጣጠቀበት ገብቶ ወርቁን ያነጣዋል።

መጀመሪያ የሚሞከረው የሲንጀር ዘይት ነው፤ ያው በየቀዳዳው ጠብ የምናደርገው። ጥጥ በዘይቱ ነክሮ ቀለሙ ላይ ማሳደር፣ በማግስቱ በለስላሳ ጨርቅ ሳይጫኑ መጥረግ። የእስክሪብቶ ቀለም ራሱ ቅባትነት ስላለው ቀስ በቀስ ይለዝባል። አንድ ሌሊት ካልበቃው ይደገማል።

ዓይኔን የማልነቅለው ከጥጡ ላይ ነው። ሰማያዊ ከያዘ ሥራው እየሄደ ነው። ቡናማ፣ ማር የመሰለ ነገር ከያዘ ግን የሚነሳው ሽፋኑ ነውና ወዲያው እጅን መሰብሰብ ነው። የወርቅ ብናኝ ከታየበትማ ዘግይተናል። ለዚህ ነው አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ዓይን በማያርፍበት፣ ጌጥ በሌለው ጥግ ላይ የሚሞከረው። ዘይት እንኳ ቢሆን።

ቀለሙ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጥላው ከቀረ ይቅር። ጥላ መስፋት አይከለክልም፤ የተላጠ ጌጥ ግን በቦታው አይመለስም። መኪናዋ የተቀመጠችበት የእንጨት ጠረጴዛ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እንጨት ቀለም ይጠጣልና የአናጢ ሥራ ነው።

ሲያበቃ ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ደህና አድርጎ መወልወል ያስፈልጋል። ከዚያም መርፌው ሥር ውራጅ ጨርቅ አግብቶ ጥቂት መስፋት፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ነጠላም ሆነ ነጭ ቀሚስ አይግባባት።