የጉድጓድ ውኃም የመክፈቻ ሒሳብ ያስፈልገዋል

ወረታ ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲረክስም ሆነ ሲወደድ ነጋዴው የሚያነሳቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ የመኪና ኪራይ፣ የነዳጅ ዋጋና የደላላ ኮሚሽን። በዋጋው ውስጥ የማይታየው ውኃው ነው። በፎገራ ሜዳ ክረምቱን ሩዝ ያበቀለ ማሳ በጋውን ሽንኩርት የሚያበቅለው በርብና በጉማራ ወንዞች ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በእጁ ከቆፈረው ጉድጓድ በሞተር ፓምፕ በሚስበው የከርሰ ምድር ውኃም ጭምር ነው። ለዚህ ውኃ ማንም ደረሰኝ አይቆርጥም። ደረሰኝ የሌለው ሀብት ደግሞ ሲጎድል መጉደሉን ማስረዳት ያስቸግራል።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በእርሻ አካባቢ የማዕድን ማውጫ ለመክፈት ሲታሰብ ነው። ፎገራን እዚህ ያነሳነው ለምሳሌ ያህል ቢሆንም፣ ጥያቄው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ የሚያመርት አካባቢን ሁሉ ይመለከታል።

ለመሆኑ የማዕድን ጉድጓድን ከገበሬው ጉድጓድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውኃ በታች ከወረደ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ሠራተኛና መሣሪያ ደረቅ መሬት ስለሚፈልጉ ኩባንያው ሌት ተቀን በፓምፕ ያወጣዋል። በዚህም ምክንያት በዙሪያው ያለው ውኃ ወደ ማዕድኑ እያዘነበለ ይወርዳል። ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚወርድ የሚወስነው የአለቱና የአፈሩ ዓይነት ነው።

የ6 ሜትር ድንበር

ውኃው ጥቂት ሜትር ቢወርድ ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው በፓምፑ ላይ ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ውኃን ወደ ላይ የሚያመጣው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የመሳቡ የመጨረሻ ወሰን 10 ሜትር ያህል ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ወረታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ወሰኑ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ 6 ሜትር ያህል ነው።

እንበልና የአንድ ገበሬ ውኃ በበጋ 5 ሜትር ላይ ይገኛል። 3 ሜትር ቢወርድበት ጉዳቱ የነዳጅ ወጪ መጨመር ብቻ አይሆንም፤ ፓምፑ ጭራሽ መሳብ ያቆማል። ሞተሩን ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ጭሱ ሰው ስለሚገድል አይሞከርም። ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ደግሞ መግዣ ገንዘብና ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ የ3 ሜትር ልዩነት በሽንኩርት ማምረትና ባለማምረት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ክትትሉ እንዴት ይካሄዳል?

ነጋዴ ዓመቱን የሚጀምረው የመክፈቻ ሒሳብ ይዞ ነው። የውኃውም እንዲሁ ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምትም በጋም፣ የውኃው ልክ ይመዘገባል። ከቦታው በላይም በታችም የመከታተያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ የገበሬዎቹ ጉድጓዶችም ይጨመራሉ። ማዕድኑ ሊደርስበት የማይችል ራቅ ያለ ጉድጓድና የዝናብ መለኪያም የግድ ናቸው። ያለ እነርሱ ውኃው የወረደው በማዕድኑ ነው፣ በዝናብ እጥረት ነው ወይስ በጎረቤት ፓምፖች ብዛት ነው የሚለውን መለየት አይቻልም። ጥራቱም አብሮ ይለካል፤ አሲድነቱ፣ የጨው መጠኑ፣ ሰልፌቱ፣ አርሴኒኩ። የከርሰ ምድር ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ብክለት ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። በመሆኑም ክትትሉ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ይቀጥላል።

ሕጉና መዝገቡ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል። በእጅ ጉድጓድ ለመቆፈርና ለመጠቀምም ፈቃድ አያስፈልግም ብሏል። ይህ ለገበሬው እፎይታ ነው። የጎንዮሽ ውጤቱ ግን ፈቃድ የሌለው ጉድጓድ ፋይልም የሌለው መሆኑ ነው። ኩባንያው የባለሙያ ሰነድ ይዞ ሲቀርብ ገበሬው የሚያቀርበው ትውስታውን ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ባለፕሮጀክቱ ተፅዕኖውን አስቀድሞ እንዲያጠና፣ ራሱን የሚከታተልበትን ዘዴም እንዲያቀርብ አዟል። ሕዝቡም አስተያየት የሚሰጥበትን በር ከፍቷል። አስተያየቱ ክብደት የሚኖረው ግን ቁጥር ሲይዝ ነው።

ውዝግብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በጉጂ ዞን የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን አሳይቷል። ነዋሪዎች ጤናችንና አካባቢያችን ተጎድቷል ብለው ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ የሚድሮክ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታገደ። ሥራው የቀጠለው በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሀል ነዋሪውም ኩባንያውም የውጭ ምንዛሪ የሚሻው መንግሥትም ጥናት ጠባቂዎች ሆኑ።

መለካቱ ለገበሬ ከባድ ነው የሚባለውን ደግሞ እዚያው አማራ ክልል ውስጥ ዳንግላ ወረዳ ያስተባብላል። በእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች የጉድጓድ ውኃን፣ ዝናብንና የወንዝን ልክ ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ተመራማሪዎቹ መረጃውን አጣርተው በመደበኛ ጣቢያዎች ከሚሰበሰበው ጋር የሚወዳደር ሆኖ አግኝተውታል።

ለፎገራ ገበሬ መጀመሪያው ቀላል ነው። ምልክት ያለበት ገመድና ደብተር በቂ ናቸው። ሁልጊዜ ከአንድ የጉድጓድ አፍ፣ ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት ጠዋት ለክቶ ቀኑን መጻፍ ነው። ግልባጩ ቀበሌ ወይም ወረዳ ቢቀመጥ ደግሞ ማስረጃነቱ ይጠነክራል። ሐቀኛ ባለሀብትም በድርቅ ምክንያት ለወረደ ውኃ ካሣ እንዳይጠየቅ ይህንኑ ደብተር ይፈልገዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዛሬው ልኬት ዋጋው ጥቂት ነው። የዛሬውን ልክ ነገ ለመለካት ግን በየትኛውም ዋጋ አይቻልም።