በጥቅሻ የምታወራ መኪና

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት በርታ አልጠፋ ስትል አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው ምክር ያው ነው፦ «በኮምፒውተር አስመርምራት።» ለአዳዲሶቹ መኪኖች ምክሩ ይሠራል። በእ.ኤ.አ. የዘጠናዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ይዞ የሄደ ሰው ግን ባለሙያው ከመሪው ሥር ሶኬት ሲያስስ ቆይቶ «የላትም» ብሎ ሲመለስ ያያል። መኪናዋ ግን አፍ አላጣችም። ምላሷ ኮፈኑ ሥር ነው፤ የምትናገረውም ያቺኑ ቢጫ መብራት እየጠቀሰች ነው።

ካርቡራተር ያላት የድሮዋ ቶዮታ ዲኤክስ በዚህ ሁሉ የለችበትም። እሷን መካኒኩ በጆሮው ሰምቶ፣ ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን አይቶ ያክማታል። ኢንጄክተር ሲመጣ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተር ሆነ። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው፤ ወሬያቸው አላምን ሲለው ቁጥር ይመዘግባል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከእ.ኤ.አ. 1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን እንዲቆጣጠሩ ቢያስገድድም እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቋንቋ ይናገር ነበር። ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬትና እንደ ፒ0171 ያሉት የጋራ ኮዶች በአሜሪካ ግዴታ የሆኑት በ1996 ሞዴሎች ነው፤ አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። በነገራችን ላይ ሶኬቱ ስላለ ብቻ ቋንቋው አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ቀደምት ቪትዞች አንዳንዶቹ ከርካሹ መመርመሪያ ጋር አይግባቡም።

ወደ ኮሮላዋ እንመለስ፤ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ወዳላት ባለ 1.6 ሊትሯ። ኮፈኑ ሲከፈት «ዳያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለች። ክዳኑ ከውስጥ በኩል የቀዳዳዎቹን ስም ይዟል። ቲኢ1 የተባለውን ከኢ1 ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ማድረግ ነው። ማርሽ ዜሮ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ እግር ከፔዳል ላይ ተነስቶ። ሽቦውን ከመክተት በፊት ክዳኑን ሁለት ጊዜ ማንበብ አይከፋም፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ ቀጥታ የባትሪ ኃይል ያለበት ቀዳዳ ስላለ ስህተቱ ቢያንስ ፊውዝ ያስከፍላል።

ኮምፒውተሩ የመዘገበው ነገር ከሌለ መብራቷ ሳታቋርጥ በሰከንድ ሁለቴ ትጠቅሳለች። ካለ ግን ረጋ ትላለች፦ ሁለት ጥቅሻ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ዝምታ፣ እንደገና ሁለት ጥቅሻ። 22 ማለት ነው። ሌላ ኮድ ካለ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በኋላ ይቀጥላል፤ ሁሉም ሲያልቅ አራት ሰከንድ ተኩል አርፋ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች። አንዱ እየቆጠረ ሌላው ቢጽፍ ይሻላል። ብቻዬን ስቆጥር 21ን 31 ብዬ የጻፍኩበት ቀን አለ፤ አንዱ የኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ ሌላው የአየር ግፊት። እግሬን ፔዳሉ ላይ ረስቼ ያገኘሁትን 51 ስፈልግ ግማሽ ቀን የደከምኩበትም አለ። 51 ኤሲ ሲበራ ወይም ፔዳል ሲነካ በምርመራው ሰዓት የሚመጣ እንጂ ብልሽት አልነበረም።

22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የኮዶቹን ዝርዝር አጥፎ መለዋወጫ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ። ኮሮላዬ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖውን ሦስት አራቴ ካላስጮኸች አትነሳም ነበር። ሴንሰር ገዝቼ ቀየርኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፤ በማግስቱ መብራቷ ተመለሰች። አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስጄ «አዲስ ሴንሰር ነው እኮ ጋሼ» ስላቸው፣ «ሴንሰሩን ማን ከሰሰው?» አሉኝ። ሶኬቱን ነቅለው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከሁለቱ የናስ እግሮች አንዱ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በምላጭ ጫፍ ፋቁት፣ መልሰው ሰኩት፣ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ በሽቦው 5 ቮልት ይልካል፤ ሴንሰሩ ሲሞቅ ተቃውሞው ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም። ሶኬቱ ሲዝግ መስመሩ እንደተቆረጠ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለኮምፒውተሩ የማይታመን ብርድ ነው። ስለዚህ 22 ብሎ ይመዘግብና ውሃው 80 ዲግሪ እንደሆነ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል። እንግዲህ የአዲስ አበባን የጥቅምት ጠዋት አስቡት፤ በውርጭ ያደረ ሞተር ለሞቀ ሞተር የምትበቃዋን ጥቂት ቤንዚን ተሰጥቶት ተነስ ይባላል። ኮዱ የተናገረው የዚህ መስመር ወሬ አይታመንም ብቻ ነው። መስመሩ ሽቦም፣ ሶኬትም፣ ሴንሰርም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቴስተር ነው።

ከተቆረጠው ይልቅ የሚያስቸግረው እውነት መስሎ የሚዋሸው ነው። ሞተሩ ፈልቶ እያለ ሴንሰሩ 2,000 ኦም ቢያሳይ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ያምነዋል፤ ቤንዚን ይጨምራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ መብራቷ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ጤነኛው ሴንሰር ውሸታም ይመስላል። የ31ን ሴንሰር ሞተሩ ሳይነሳ ሲለኩት መመሪያው ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት ጠብቅ ይላል። መመሪያው የተጻፈው ግን ለባሕር ጠለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠችው አዲስ አበባ አየሯ የሳሳ ስለሆነ ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ጤነኛ ሴንሰር እየተነቀለ የሚጣለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኮዱን ለማጥፋት ቁልፉን ዘግቶ «ኢኤፍአይ» የሚለውን ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ መንቀል ይበቃል። ይህን ሻጮችም ያውቁታል፤ መብራቷን ጭራሽ ዝም የሚያሰኝም አለ። አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ኦን ላይ አቁሙና ቢጫዋን መብራት ፈልጓት፤ በዚያ ሰዓት ልትበራ ይገባል። እኔ ሳልፈልጋት ገዝቼ፣ በኋላ ዳሽቦርዱን ሳስፈታ የአምፖሏ ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ስትገባም እንዲሁ ነበረች» አለኝ።