የዶሮ ቅንቅን ቀን የት ይውላል?

የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ስትነሣ «ዓመለኛ ናት» ተብላ ትታረዳለች። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የርሷ አይደለም፤ ቅንቅን ነው።

ቀዩ ቅንቅን ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ተባይ ነው። ቀን በቆጡ ስንጥቅና በግድግዳው ንቃቃት ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የዶሮዋን ደም ይመጥጣል። ስለዚህ እናት ሆይ፣ በቀን ላባዋን ገላልጠሽ ብታዪ ላታገኚው ትችያለሽ። ሲመሽ የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ ጥረጊው፤ ጨርቁ ደም ከነካ ቅንቅን ገብቷል ማለት ነው። ደሟ ያለቀ ዶሮ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ መጣሏንም ታቆማለች። ጫጩት ከሆነች ልትሞት ትችላለች። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር የሚያድሩ ከሆነም ልጆቹን እየነከሰ ያሳክካቸዋል።

ጉዝጓዙንና የምትታቀፍበትን ጭድ አውጥታችሁ ከቤት ርቃችሁ አቃጥሉ። ቆጡን አውርዳችሁ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ ከዚያ ፀሐይ ይምታው። ንቃቃቱን በጭቃ ምረጉ። ደረቅ አመድ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ የሚንከባለሉበት ቦታ አብጁላቸው። በሳምንቱ ሁሉንም ድገሙት፤ የቀረው እንቁላል እስከዚያ ተፈልፍሏልና። ዶሮ ቤቱን ባዶ መተው ብቻ አይበቃም፤ ቅንቅን ሳይበላ ወራት ይቆያል።

ይህ ካልበቃ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ዲዲቲ ወይም የነቀዝ መድኃኒት ግን ዶሮ ላይ ፈጽሞ አትነስንሱ። መርዙ ወደ እንቁላሉ ይገባል፤ እንቁላሉን የሚበላው ደግሞ ልጃችሁ ነው።